ደመወዝን ማን ለማን ያበድራል? ለዝቅተኛ ተከፋዮች ስለሚቀርቡ የገንዘብ አገልግሎቶች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለድርጅት ባለቤቶችና ለሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ርዕሰ ጉዳዩ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች በመሥሪያ ቤታቸው በኩል ሊያገኟቸው ስለሚችሉ የገንዘብ አገልግሎቶች ነው። ጸሐፊው ለጉዳዩ ቦታ መስጠታቸው በራሱ የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ስለ ሠራተኛ ጥቅማጥቅም ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ቢሮ የሚቀመጠው እንጂ መጋዘን የሚጭነው፣ ወለል የሚያጸዳው ወይም ሌሊት በር የሚጠብቀው አይደለምና። ሆኖም የደረሱበት ድምዳሜ ለረጅም ዓመታት የደመወዝ ዝርዝር ሳዘጋጅ ካየሁትም ሆነ በጉዳዩ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ጋር አይገጥምም።

ጸሐፊው በአጭሩ አምስት ነገሮችን ይላሉ። አንደኛ፣ ሠራተኛው የሠራበትን ደመወዝ ከክፍያው ቀን በፊት በስልክ መተግበሪያ የሚያወጣበት አገልግሎት ብድር ስላልሆነ ጉዳት የለውም፤ አሠሪዎችም ከሁሉ አስቀድመው ሊያቀርቡት ይገባል። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ተከፋዮች የማይቆጥቡት ስለ ገንዘብ አያያዝ ዕውቀት ስለሚጎድላቸው ነው፤ ስለዚህ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ሦስተኛ፣ ከደመወዝ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ቁጠባ ሠራተኛው ራሱ ጠይቆ ሲመዘገብ ብቻ መጀመር አለበት፤ ከዚህ ውጭ ያለው አሠራር ሞግዚትነት ነው። አራተኛ፣ አሠሪው የሚያዋጣው ገንዘብ ካለው ወደ ጡረታ ይሂድ። አምስተኛ፣ እነዚህ አገልግሎቶች አሠሪውን ምንም ሳያስወጡ ሠራተኛ እንዳይለቅ ያደርጋሉ። ከአምስቱ በአንዱ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ በቀሩት አልስማማም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ሰፊውን ቦታ የምሰጠውም ለእርሱ ነው፤ የቀሩት ነጥቦች በአብዛኛው የተንጠለጠሉት በዚሁ አስተሳሰብ ላይ ነውና። ጸሐፊው ሠራተኛው የሚያወጣው የራሱን ገንዘብ ነው ሲሉ እውነት ተናግረዋል፤ ግን አባባላቸውን እስከ መጨረሻው አልተከተሉትም። ገንዘቡ የሠራተኛው ከሆነ፣ ሥራው ከተሠራበት ቀን አንሥቶ እስከ ክፍያው ቀን ድረስ በአሠሪው እጅ የሚቆየው በምን ስም ነው? በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በወሩ የመጀመሪያ ቀን የደከመበትን የሚያገኘው በወሩ መጨረሻ ነው፤ የመጨረሻውን ቀን ደግሞ ወዲያው ያገኛል፤ በአማካይ ሲታሰብ የእያንዳንዱ ቀን ድካም ዋጋ ግማሽ ወር ያህል ሳይከፈል ይቆያል። ይህ ብድር ነው። አበዳሪው ሠራተኛው፣ ተበዳሪው አሠሪው፣ ወለዱም ዜሮ ነው። ከፍተኛ ደመወዝተኛውም በዚሁ መንገድ ያበድራል፤ እርሱ ግን ከባንክ ሒሳቡ እያወጣ ስለሚጠብቅ አበዳሪነቱ አይታወቀውም። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ሠራተኛ ግን ያበደረውን እየጠበቀ ራሱ ተበዳሪ ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ሠራተኛ በወሩ 23ኛ ቀን ላይ ሦስተኛ ወገን በሆነ መተግበሪያ በኩል ከደመወዙ ጥቂት ሲያወጣና የአገልግሎት ክፍያ ሲጠየቅ፣ የሚከፍለው ያበደረውን ለማስመለስ ነው። ክፍያው ለዓይን ትንሽ ነው፤ የአገልግሎቱም መሸጫ ይኸው ትንሽነቱ ነው። ከ100 ላይ 2 ተከፍሎ ገንዘቡ 7 ቀን ቀድሞ ቢገኝ፣ ወጪው በዓመት ሲሰላ 104 በመቶ ይሆናል። አንዳንድ አንባቢ የሰባት ቀን ጉዳይ በዓመት መሰላት የለበትም ይል ይሆናል፤ አገልግሎቱ በዓመት አንዴ የሚያገለግል ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2024 ሐምሌ ባወጣው ዘገባ፣ በአሠሪዎች በኩል የሚቀርበውን ይህን አገልግሎት በ2022 ከ7 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች እንደተጠቀሙበት፣ በአጠቃላይም 22 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደመወዝ ቀድሞ እንደወጣበት፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ በአማካይ 106 ዶላር እንደነበረ፣ አንድ ሠራተኛም በአማካይ በዓመት 27 ጊዜ እንዳወጣ አሳይቷል። በዓመት ሲሰላ የተገኘው የተለመደ ዋጋ 109.5 በመቶ ነበር። አሠሪው ወጪውን በማይሸፍንበት ቦታ ከ10 ሠራተኞች 9ኙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክፍያ ከፍለዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስበኝ 27 ነው። የድንገተኛ ችግር መፍቻ ነው የተባለ ነገር በየሁለት ሳምንቱ አንዴ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የሚፈታው ችግር ድንገተኛ አይደለም። የአሠራሩ ጠባይ ራሱ ይህን ይወልዳል፤ በዚህ ወር ቀድሞ ያወጣ ሠራተኛ በክፍያው ቀን የሚደርሰው ጎዶሎ ደመወዝ ነው፤ ጎዶሎው ደመወዝ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር መዳረሻ ከቀድሞው ቀደም ብሎ ያስጨንቃል፤ ስለዚህ እንደገና ያወጣል። ከመተግበሪያዎቹ በፊት አድቫንስ (ከክፍያው ቀን በፊት የሚሰጥ ደመወዝ) በመዝገብ ላይ በእጅ በምንጽፍበት ጊዜም ይህን አይቻለሁ። በአንድ ወር የገባ ስም በሚቀጥለው ወር በዚያው ገጽ አካባቢ ይገኛል፤ መጠኑም አይቀንስም። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ፊርማ እንጂ ክፍያ አይጠየቅም ነበር። (የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ችግሩን በሰው ፊት ማስረዳት። መተግበሪያው ይህን ማሳፈሪያ ማስቀረቱን አልክድም፤ ቀላል ነገርም አይደለም።)

ብድር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር፣ ጸሐፊው እንዳሰቡት የተዘጋ አይደለም። ይኸው የአሜሪካ ቢሮ በ2020 አንድ አስተያየት ሲሰጥ ብድር አይደለም ያለው ሠራተኛው ምንም የማይከፍልበትንና ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎችን የሚያሟላውን አገልግሎት ብቻ ነበር፤ በ2024 ደግሞ ወደ ተቃራኒው በማዘንበል ብድር ተብሎ እንዲታይ የሚያደርግ ረቂቅ አቀረበ። ሕጉ የሚሰጠው ስም በየአገሩና በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ሠራተኛውን የሚመለከተው ግን ስሙ ሳይሆን ከክፍያ ወረቀቱ ላይ የጎደለው ነው።

ችግሩ ደመወዝ መዘግየቱ ከሆነ፣ ጸሐፊው ጨርሰው ያላነሱት ቀጥተኛ መፍትሔ አለ፤ የክፍያውን ጊዜ ማሳጠር። ቀድሞ ደመወዝ በወር አንዴ የሚከፈለው ዝርዝሩን በእጅ ማዘጋጀት ቀናት ስለሚፈጅ፣ ጥሬ ገንዘብም በፖስታ መታሸግ ስለነበረበት ነው። ዛሬ ሶፍትዌሩ ተቀናሹን በደቂቃዎች ያሰላል፤ ዝውውሩም በአንድ ፋይል ይላካል። አንድን ድርጅት ከመተግበሪያ አቅራቢ ጋር እንዲገናኝ የሚያስችለው የሰዓት መቆጣጠሪያና የፔሮል (የደመወዝ ዝርዝር) ሥርዓት፣ ያው ድርጅት በየሁለት ሳምንቱ እንዲከፍል ማስቻሉ የማይቀር ነው። በርግጥ በድርጅቱ የእጅ ገንዘብ ላይ ጫና ይፈጥራል፤ ያ ጫና ግን እስከ ዛሬ ሠራተኛው ሲሸከመው የኖረው ነው። ለውጡን የሚፈራ አሠሪ የወሩን ደመወዝ ሁለት ቦታ ከፍሎ የመጀመሪያውን አጋማሽ በወሩ መካከል መስጠት ይችላል፤ የወር ሒሳቡና ተቀናሾቹ በቦታቸው ይቆያሉ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ ሠራተኛ ሁልጊዜ የሚፈልገው ገንዘቡን ቀደም ብሎ ማግኘት አለመሆኑ ነው። በማላዊ በአንድ የሻይ ተክል ድርጅት ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2021 የታተመ ጥናት ፍጹም ተቃራኒውን አገልግሎት ሞክሯል፤ ሠራተኞቹ ከፈለጉ የደመወዛቸው ከፊል ለሦስት ወራት ተይዞ በአንድ ጊዜ እንዲከፈላቸው ተደረገ፤ ወለድ የለውም። ጸሐፊው በሚያስቡት መንገድ ከሄድን ይህን የሚመርጥ ደሃ ሠራተኛ ሊኖር አይገባም ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ግን መረጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አገልግሎቱ በተደጋጋሚ ከቀረበ ወዲህ፣ የዕድሉ ተጠቃሚዎች በመኖሪያ ቤታቸው ላይ ዘላቂ ማሻሻያ አድርገው ተገኙ። በእጅ ያለ ጥቂት ገንዘብ ዘመድ ይጠይቀዋል፤ የዕለት ጉዳይ ይበላዋል፤ በአንድ ጊዜ የመጣ ብዙ ገንዘብ ግን ጣራ ይሆናል። ስለዚህ ለአሠሪው የሚቀርበው ጥያቄ ደመወዝ ይፍጠን ወይስ አይፍጠን ሳይሆን፣ የክፍያውን ቀን የሚወስነው ማን ነው፣ ለመወሰንስ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ቀድሞ የማውጣት አገልግሎት ክፍያው በአሠሪው ከተሸፈነ፣ የሚወጣው መጠንም ከተሠራበት ደመወዝ ከተወሰነ ድርሻ እንዳያልፍ ከተደረገ፣ ጎን ለጎንም የማቆየት አማራጭ ካለ ልቃወመው ምክንያት የለኝም። ጸሐፊው የደገፉት አገልግሎት ግን ከሦስቱ አንዱንም አይጠይቅም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስሻገር ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ረጅም መልስ የሚሻ አይመስለኝም። በ2014 የታተመ አንድ ማጠቃለያ 201 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ሰዎች በገንዘባቸው በሚያደርጉት ነገር ላይ የሚያስረዳው ልዩነት 0.1 በመቶ ብቻ እንደሆነ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ከዚያም እንደሚያንስ ደመደመ። እውነቱን ለመናገር በ2022 የታተመና 76 በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎችን ያጠና ሌላ ማጠቃለያ ከዚህ የተሻለ ውጤት አግኝቷል፤ ሥልጠና ፋይዳ ቢስ ነው አልልም። ነገር ግን የጸሐፊው መነሻ፣ ማለትም ዝቅተኛ ተከፋይ የማይቆጥበው ስለማያውቅ ነው የሚለው፣ ከደመወዝ መስኮት በስተጀርባ ተቀምጦ ለሠራ ሰው እንግዳ ነገር ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ በሁለት ሰዓት እንደጎደለ ወረቀቱን ተቀብላ ከመስኮቱ ሳትርቅ ነግራኝ የምትመለሰው ጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች፤ የተጣራ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ጠይቄው ግምቱን የሚነግረኝ የመምሪያ ኃላፊው ነበር።

የአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ከደመወዝ ቀን በፊትና በኋላ ያነጻጸረና በ2016 የታተመ ጥናትም ወደዚሁ ይጠቁማል። ከክፍያው ቀን በፊት የተጠየቁት ሰዎች በማሰብ ችሎታቸው ከሌሎቹ አላነሱም፤ ገንዘብን በሚመለከት ምርጫ ላይ ግን የዛሬውን ከነገው አስበልጠው ተገኙ፤ ምርጫው በገንዘብ ሳይሆን በሥራ ድካም ሲቀርብላቸው ልዩነቱ ጠፋ። የሚያቻኩላቸው የእጅ ማጠር ነው እንጂ ያልተማሩት ትምህርት አይደለም። ትምህርት በርግጥ የሚሰርጽበት መንገድ ካለ በመጠቀም ነው፤ በባንግላዴሽ የልብስ ፋብሪካዎች በተደረገ ሙከራ፣ ደመወዛቸው በቀጥታ ወደ ሒሳብ የገባላቸው ሠራተኞች ሒሳብ ብቻ ከተከፈተላቸውና ደመወዛቸውን በጥሬ ገንዘብ ከሚቀበሉት ይልቅ ያለ ረዳት መገልገልን፣ ሕገ ወጥ ክፍያ ከሚጠይቋቸው ሰዎች ራሳቸውን መጠበቅንም ተማሩ። የሥልጠና አዳራሽ አላስፈለጋቸውም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የሞግዚትነት ክስ፣ ጸሐፊው ከሁሉ ይልቅ በእምነት የጻፉት ይመስላል፤ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው የምሄደውም በዚህ ላይ ነው። ሰው ሳይጠየቅ ደመወዙ ሊነካ አይገባም የሚለው መርሕ ክቡር ነው፤ ብዙ የተበደለ ሠራተኛም ያተረፈው መርሕ ነው። ስሕተቱ ጸሐፊው ቁጠባ የማይቀነስበትን አሠራር ማንም ያልመረጠው ተፈጥሯዊ ሁኔታ አድርገው መያዛቸው ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ፔሮሉ ላይ ያለው የቁጠባ ዓምድ በዜሮ ይሞላል፤ ያን ዜሮ የጻፈው ሠራተኛው አይደለም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዜሮው የእኔ ምርጫ ሆኖ ሳለ የሠራተኛው ነጻነት ተብሎ ሲጠራ፣ ሦስት በመቶ ቢሆን ግን ሞግዚትነት የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም፤ በሁለቱም ሁኔታ ሠራተኛው አንድ ቅጽ ሞልቶ መለወጥ ይችላል።

የዚህ ዓምድ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ማድሪያንና ሺ የተባሉት ተመራማሪዎች በ2001 ያሳተሙት ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገበት የአሜሪካ ድርጅት አዲስ ሠራተኞችን፣ ካልተቃወሙ በቀር፣ የጡረታ ቁጠባ አባል ማድረግ ሲጀምር አጠቃላይ ተሳትፎው ከ49 በመቶ ወደ 86 በመቶ አደገ፤ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በታች ከሚከፈላቸው መካከል ግን ከ13 በመቶ አካባቢ ወደ 80 በመቶ አካባቢ ዘለለ። ጸሐፊው በፈቃድ መመዝገብ ለሠራተኛው ክብር ነው ሲሉ፣ በተግባር የሚሟገቱት ለእነዚያ 13 በመቶ ነው። በአፍጋኒስታን በአንድ የስልክ ኩባንያ 949 ሠራተኞች ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ነገሩ በሀብታም አገር ብቻ የታጠረ አለመሆኑን አረጋግጧል፤ ከደመወዛቸው 5 በመቶ በሞባይል ሒሳብ እንዲቆጠብ አስቀድሞ የተመዘገቡት ሠራተኞች ዜሮ ከተጻፈላቸው ይልቅ የመቆጠብ ዕድላቸው በ40 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይህም አሠሪው ሠራተኛው ከቆጠበው ግማሽ ያህል ቢጨምርለት ከሚያመጣው ለውጥ ጋር የሚስተካከል ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ሠራተኞቹ ለማስላት የሚጠይቅባቸው ድካምና ነገ እመዘገባለሁ እያሉ ማሳደራቸው እንደሆነ አጥኚዎቹ ደርሰውበታል።

የምስማማበት ግማሽ ግን የሚከተለው ነው። አውቶማቲክ አሠራር ሰውን በገባበት ያስቀረዋል፤ በማድሪያንና በሺ ጥናት ውስጥም ራሳቸው ቢመርጡ ኖሮ ከ3 በመቶ በላይ ይቆጥቡ የነበሩ ሰዎች በ3 በመቶው ላይ ረግተው ተገኝተዋል። ዝቅተኛ ተከፋይ ላይ አደጋው በሌላው አቅጣጫ ነው፤ ያላስተዋለው ተቀናሽ ቤት ኪራይ የሚከፍልበትን ገንዘብ ቢነካ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል፤ ያኔ ቁጠባው ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ መመዝገብ ተገቢ የሚሆነው መጠኑ ትንሽ፣ መውጫው ቀላል፣ ገንዘቡም በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ ሲሆን ነው። አሜሪካ በ2022 ያወጣችውና ከ2024 ጀምሮ የተፈቀደው የክፉ ቀን ቁጠባ አሠራር በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል፤ ከፍተኛ ተከፋዮችን ሳይጨምር፣ አሠሪው ሠራተኞቹን እስከ 3 በመቶ በሚደርስ ተቀናሽ አስቀድሞ መመዝገብ ይችላል፤ የሠራተኛው መዋጮ በሕግ የተወሰነው ጣሪያ (ሲጀመር 2,500 ዶላር ነበር) ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ በየወሩ ማውጣት ይቻላል፤ በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ አራት ጊዜያት ለማውጣትም ምንም ክፍያ አይጠየቅም። ጉድለቱ አሠሪው ከፈለገ እንጂ ግዴታ አለመሆኑ፣ ከጡረታ ዕቅዱም ጋር ተጣብቆ መምጣቱ ነው፤ የጡረታ ዕቅድ የሌለው ድርጅት ሠራተኛ አያገኘውም፤ ዝቅተኛ ተከፋዩ በብዛት የሚገኘው ደግሞ በዚያ ነው።

ይህ ወደ አራተኛው ነጥብ ያሻግረኛል። ጸሐፊው አሠሪው የሚያዋጣው ገንዘብ ለጡረታ ቢሆን ይሻላል ሲሉ ያቀረቡት ስሌት በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሚያድግ ገንዘብ ብዙ ይሆናል። ስሌቱ ግን ገቢው በየወሩ እኩል የሆነ ሰው ይፈልጋል። ሞርዱክና ሽናይደር የተባሉት ተመራማሪዎች ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ከ230 በላይ የአሜሪካ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ያህል ወጪና ገቢያቸውን እየተከታተሉ ሲመዘግቡ፣ በአማካይ በዓመት ውስጥ አምስት ወር ያህል የቤተሰቡ ገቢ ከአማካዩ ከ25 በመቶ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ይል እንደነበር አግኝተዋል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በየዓመቱ በሚያደርገው ጥናት በ2023 የ400 ዶላር ድንገተኛ ወጪ ቢገጥማቸው በጥሬ ገንዘብ ወይም በአቻው እንከፍላለን ያሉት አዋቂዎች 63 በመቶ ነበሩ፤ የቀሩት ይበደራሉ፣ ዕቃ ይሸጣሉ ወይም ጨርሶ አይችሉም። እንዲህ ያለ ሰው ከደመወዙ 5 በመቶውን እስኪያረጅ በማይከፈት ሣጥን ውስጥ እያስገባ፣ በሌላ እጁ ጸሐፊው ባመሰገኑት መተግበሪያ በ109 በመቶ ዋጋ የራሱን ደመወዝ ያወጣል። በአንድ ሠራተኛ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ የክፍያ ወረቀት ላይ ሁለቱ ተቀናሾች ጎን ለጎን ተጽፈው ማየት ይቻላል፤ ጸሐፊው ሁለቱንም መክረው ሳለ በአንድ ገጽ ላይ አላነጻጸሯቸውም።

ሁለት ነገር ልጨምር። በአብዛኞቹ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) አባል አገሮች የግዴታ ጡረታ ለዝቅተኛ ተከፋይ የቀድሞ ገቢውን የሚተካለት ድርሻ ለአማካይ ተከፋይ ከሚተካው ይበልጣል፤ ስለዚህ ተጨማሪ የጡረታ ቁጠባ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለከፍተኛ ደመወዝተኛው ነው። አሠሪው ሠራተኛው ባዋጣው ልክ የሚጨምረው ገንዘብ ደግሞ፣ የሚደርሰው ማዋጣት ለቻለ ብቻ ነው፤ በደመወዝ ዝርዝር ላይ ከላይ ወደ ታች ሲታይ መዋጮው ከላይ ወፍሮ ከታች ይሳሳል፤ ምንም ያላዋጣው ጥበቃ ምንም አይደርሰውም። አሠሪው ለዚህ ተግባር የያዘው በጀት የተወሰነ ከሆነ፣ ለሁሉም ሠራተኛ እኩል መጠን በክፉ ቀን ቁጠባው መነሻ አድርጎ ቢያስገባለት ገንዘቡ ሳይጨምር አቅጣጫው ይለወጣል። ቁጠባው በቂ መጠን ከደረሰ በኋላ ተቀናሹ ወደ ጡረታ እንዲዞር ማድረግም ይቻላል፤ ቅደም ተከተል እንጂ ተቃርኖ የለውም።

አምስተኛው ነጥብ አሠሪዎችን የሚስበው ነው። ወጪ የለውም የተባለው እውነት የሚሆነው ከአሠሪው የሒሳብ መዝገብ ብቻ ካየነው ነው፤ አቅራቢው ድርጅት በበጎ አድራጎት አይሠራም፤ ገቢው ከሠራተኛው ክፍያ ወይም ከሠራተኛው መረጃ ይመጣል። ስለ መረጃው ጸሐፊው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጥተዋል፤ የሥራ ሰዓትን፣ የደመወዝ መጠንንና የቸገረበትን ቀን አንድ ላይ የያዘ መዝገብ ግን ለአበዳሪ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። አሠሪ በሠራተኛው ደመወዝና ሠራተኛው በሚገዛበት ሱቅ መካከል ሲገባ ምን እንደሚመጣ የቆየ ታሪክ አለ፤ ብሪታንያ በ1831 ደመወዝን በዕቃ ወይም በድርጅቱ ሱቅ ብቻ በሚሠራ ወረቀት መክፈልን በሕግ የከለከለችው ሠራተኞች ደመወዛቸውን ከአሠሪያቸው ሱቅ በውድ እየገዙ ስለጨረሱ ነበር። በ1949 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 95ኛ ስምምነትም በስድስተኛው አንቀጹ አሠሪ ሠራተኛው ደመወዙን እንደፈለገ እንዳያውል ነጻነቱን መገደብን፣ በስምንተኛው ደግሞ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በግልግል ውሳኔ ከተፈቀደው ውጭ ከደመወዝ መቀነስን ይከለክላል። እኔ የደገፍኩት አስቀድሞ የመመዝገብ አሠራርም በዚሁ አንቀጽ ሥር የሚያልፍ ስለሆነ ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ሳይፈቅደው አሠሪ በገዛ ሥልጣኑ የሚጀምረው አይደለም።

ሠራተኛ አይለቅም የሚለውን ጸሐፊው ያስደገፉት አገልግሎቱን የሚጠቀሙት ከማይጠቀሙት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል በሚል ንጽጽር ነው። በዚህ ንጽጽር ላይ ማንኛውም የፔሮል ሠራተኛ ፈገግ ይላል። መተግበሪያውን ለማውረድ፣ ለመመዝገብና የመጀመሪያውን ደመወዝ ለማስላት ሳምንታት ይወስዳል፤ በሁለተኛው ሳምንት የጠፋው ሠራተኛ ከመነሻው በማይጠቀሙት ተርታ ተቆጥሯል። ለመልቀቅ ያሰበም አይመዘገብም። ሌላም አለ፤ ግማሽ ደመወዙን ቀድሞ ያወጣ ሰው ሥራ ቢለቅ የመጨረሻው ክፍያው ጎዶሎ ስለሚሆን፣ የሚቀጥለው ሥራ የመጀመሪያ ደመወዝ እስኪደርስ የሚያደርሰው ነገር አይኖረውም። እንዲህ ያለው መቆየት በሠንጠረዥ ላይ ከታማኝነት ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚሆነው።

አገልግሎቱ ጠቅሞ እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ አሠሪ ከአቅራቢው ዘገባ መጠበቅ አያስፈልገውም። በራሱ ፔሮል ላይ፣ በየደመወዝ እርከኑ፣ በአንድ የክፍያ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀድመው ያወጡት ሠራተኞች ስንት እንደሆኑና ያ ቁጥር ከስድስት ወር በኋላ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ይቁጠር። በዝቅተኛው እርከን ላይ ከፍ ብሎ ካገኘው፣ ክፍያውን ራሱ ይሸፍን፤ የክፍያውንም ቀን ያቅርብ።